ታሪክ ነው ወይስ ልብ ወለድ?

በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሳሪስ አካባቢ፣ አሮጌ መጻሕፍት ላስቲክ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ። በቅርቡ ከመደቡ ላይ የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» ባነሣ፣ «ጋሼ፣ እሱ ታሪክ ነው» አለኝ። «ልብ ወለድ አይደለም እንዴ?» ብለው፣ «የአጼ ቴዎድሮስ አይደል? ታሪክ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ። መጽሐፉን ገዝቼ ሄድኩ። ጥያቄው ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

እርግጥ ነው፣ ጥያቄው የዛሬ አይደለም። አርስቶትል የታሪክ ጸሐፊ የሆነውን፣ ባለቅኔ ደግሞ ሊሆን የሚችለውን ይናገራል ብሎ ሁለቱን ለያይቷቸው ነበር። በእኛም አገር ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ በታተመው «አጼ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፉ፣ ታሪክ ለመጻፍ አስተዋይነት፣ አለማዳላትና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልጉ አስረድቷል። የአገራችንን የታሪክ ጸሐፊዎችም በዚሁ ሚዛን መዝኖ ቀልለው አግኝቷቸዋል።

ለመሆኑ በዚህ ሚዛን ማን ይተርፋል? አጼ ቴዎድሮስን ብቻ እንውሰድ። ከእሳቸው በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግእዝ ነበር፤ የእሳቸው በአማርኛ ተጻፈ። ደብተራ ዘነብ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ጽፏልና ብዕሩ በአድናቆት የተሞላ ነው። አለቃ ወልደ ማርያም ከንጉሡ ሞት በኋላ ሲጽፍ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሕዝቡ የደረሰበትን መከራ አልሸፈነም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው «ዳግማዊ ምኒልክ» ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ቴዎድሮስን ዝቅ አደረገ። ንጉሡ አንድ፣ ቴዎድሮሶቹ ግን ሦስት!

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን አራተኛውን ቴዎድሮስ ወለደ። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት «ቴዎድሮስ» መንገዱን ከጠረገ በኋላ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በ1958፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ታተሙ። እነዚህ ድርሰቶች በምን ጊዜ ወጡ? የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ፣ ተማሪዎችም «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 አደባባይ ከወጡ በኋላ ነው። በ1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በበኩሉ ዘውዱን ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የዘር ሐረግ ጋር አስሮት ነበር። ከዘር ሐረግ ይልቅ በክንዱ የነገሠ ሰው ታሪክ በዚያን ጊዜ ሲነበብ፣ አንባቢው ስለ መቅደላ ብቻ እያሰበ ነበር ማለት ይከብዳል።

አንዲት ስድብ ብቻ ይህንን ለማሳየት ትበቃለች። ጠላቶቻቸው አጼ ቴዎድሮስን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር ይነገራል፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው ኮሶ ሸጠዋል ለማለት ነው። በእኛ ዘመን ግን ያው ስድብ የክብር ስም ሆነ፤ «ከምንም ተነሥቶ የነገሠ» ለማለት እንጠቅሰዋለን። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰሚው ዘመን ነው።

«እንግዲያው ደራሲዎቹን ትተን ንጉሡን ራሳቸውን እንስማ» የሚል አይጠፋም። እንስማ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ላይ የኮሶ ሻጭ ልጅ የለም፤ የቀድሞዎቹን ነገሥታት «አባቶቼ» የሚል ንጉሠ ነገሥት ነው ያለው። ደብዳቤው ታሪክን ከመናገር አልፎ ታሪክን ሠርቷል። ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ቀረ፤ ንጉሡ ተቆጥተው ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ እስረኞቹን ለማስፈታት የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሁሉም አበቃ። የጦርነቱ ምክንያት ደብዳቤው ብቻ ነው ባይባልም፣ ያለ እሱ ይህን ታሪክ መተረክ አይቻልም።

የምዕራቡ ዓለም ሃያስያን እዚህ የደረሱት በዙሪያ ጥምጥም ነው። አንዳንዶቹ ድርሰት የዘመኑ መስተዋት ነው አሉ፤ ሌሎቹ ድርሰቱን ብቻ አንብብ፣ ዘመኑን ተወው አሉ። ሄይደን ኋይት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የታሪክ ጸሐፊም እንደ ልብ ወለድ ደራሲ መነሻና መድረሻ እየመረጠ ታሪኩን በአሳዛኝ ወይም በአስደሳች ትረካ መልክ እንደሚያዋቅር አሳየ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እነ ስቴፈን ግሪንብላት «ኒው ሂስቶሪሲዝም» በሚባለው አካሄዳቸው፣ ድርሰት ከታሪክ ውጭ ቆሞ ታሪክን አይመለከትም፣ ራሱም የታሪክ አካል ነው፣ ያለፈውንም የምናገኘው በአብዛኛው በጽሑፍ በኩል ነው ብለው አስተማሩ።

ይህ ትምህርት ጠቃሚ ቢሆንም አደጋ አለው። «ሁሉም ተረት ከሆነ፣ እኔም የሚመቸኝን ተረት ልያዝ» ወደ ማለት ይወስዳል። ነገር ግን መቅደላ መቅደላ ነው፤ ቀኑ በሁለቱም ወገን ተመዝግቧል። የዘነብ አድናቆትና የወልደ ማርያም ምሬት አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ እንዲያውም ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስናነብ ተስፋ የሰጠው ዘመን እንዴት ወደ መከራ እንደተለወጠ ይታየናል። ገብረ ሕይወት አለማዳላትን መጠየቁ ትክክል ነው፤ እኛ ደግሞ የሚጨመር አለን፤ ያዳላ ጽሑፍ ሲገጥመን ከመጣል ይልቅ ለማን፣ መቼና ለምን እንዳዳላ እንጠይቅ። አድልዎውም ማስረጃ ነውና።

ዛሬ በየሻይ ቤቱ በታሪክ ስንጣላ፣ አንዱ የወደደውን ልብ ወለድ እንደ ሰነድ ይጠቅሳል፤ ሌላው ያልተመቸውን ሰነድ «ልብ ወለድ ነው» ብሎ ይጥላል። ሁለቱም የሚያነቡት የሚፈልጉትን ብቻ ነው፤ በዚህ አያያዝ መጻሕፍት ለጠብ እንጂ ለዕውቀት አይሆኑንም።

ለሳሪሱ ወጣት የያዝኩለት መልስ ይህ ነው፦ «አንድ ለናቱ» ስለ 1860 ቢሆን ልብ ወለድ ነው፤ ስለ 1961 ግን እውነተኛ ምስክር ነው። ዋጋውን ጨምሮ እንዳይጠብቀኝ ብዬ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።