ብርሃን ወለድ ኤሌክትሪክና የፀሐይ ሙቀት

በካምፓላ፣ ካባላጋላና ካንሳንጋ አካባቢ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ «ሶላር» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ይጠራል። አንዱ ጣሪያ ላይ ከነበርሜሉ ተቀምጦ ውሃ የሚያሞቀው ነው። ሌላው መብራት የሚያበራው፣ ስልክ የሚሞላው ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሁለቱም ፀሐይ ይፈልጋሉ እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። አንዱን ለሌላው ሥራ የገዛ ቤተሰብ ገንዘቡን ያባክናል፤ ስለዚህ ለየብቻቸው መጠራት አለባቸው።

የሰሌዳው ሙያዊ ስም ፎቶቮልታይክ ነው። «ፎቶ» የግሪክ ቃል ሲሆን ብርሃን ማለት ነው፤ «ቮልታይክ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ካስተዋወቀው ጣሊያናዊ ከአሌሳንድሮ ቮልታ ስም የመጣ ነው። በአማርኛ «ብርሃን ወለድ ኤሌክትሪክ» ቢባል ውሃ ወለድ በሽታ እንደምንለው ምንጩን በግልጽ ያሳያል። የሌላው ዕቃ ሥራ «የፀሐይ ሙቀት» ይባል፤ «የፀሐይ ኃይል» ለሁለቱም የወል ስም ሆኖ ይቆይ።

ሰሌዳው የሚሠራው በአብዛኛው ከሲሊኮን ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉ ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ፤ በሁለት የሲሊኮን ንብርብሮች መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መስክም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳቸዋል። በሽቦ የምንቀበለው ይህን ነው፤ ዲሲ የሚባለውን ከረንት። ሰሌዳው የሚፈልገው ብርሃንን ነው፣ ሙቀትን አይደለም። እንዲያውም ሲግል ይዳከማል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ ነው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲታሰር ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ሊተውለት የሚገባው።

ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚወልድ ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1839 አይቶ ነበር። ለሥራ የሚበቃ የሲሊኮን ሴል ግን አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1954 ነው፤ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ንግሥት ኤልሳቤጥ ኡጋንዳ ውስጥ ጂንጃ ላይ የኦወን ፎልስን ግድብ መርቀው ከፈቱ። ኡጋንዳ ከዚያ ወዲህ መብራቷን ያገኘችው በዋናነት ከነጭ ዓባይ ውሃ ነው፤ የቡጃጋሊ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2012፣ 600 ሜጋዋት ያለው የካሩማ ግድብ ደግሞ በ2024 ተመርቀዋል። ከፀሐይ ለዋናው መስመር የሚያመነጨው የሶሮቲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት 10 ሜጋዋት ነበር። የዛሬ ሰሌዳዎች ካረፈባቸው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ።

ውሃ ማሞቂያው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። መስታወት በተከደነ ሳጥን ውስጥ ጥቁር ብረትና ቧንቧ አለ፤ ወይም አየር የወጣላቸው ድርብ የመስታወት ቱቦዎች ይደረደራሉ። የሞቀ ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይኛው በርሜል ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል። ፓምፕ የለም፣ ባትሪ የለም። ካምፓላ ላይ ውሃ በረዶ ስለማይሆን በብርድ አገር የሚያስፈልገው ፀረ በረዶ ፈሳሽም አያሻም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው። 100 ሊትር ውሃ ከ22 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባለ 7 ዋት ስድስት አምፖሎች በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት 0.21 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአንድ ቀን የገላ መታጠቢያ ውሃ የ18 ምሽት መብራት ይበላል ማለት ነው። በኡጋንዳ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ሁለት ካሬ ሜትር ማሞቂያ ግማሹን ቢይዝ 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለውሃው ይበቃል፣ ይተርፋልም። ያንኑ ስፋት ያለው ሰሌዳ የሚሰጠው 2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ በባትሪና ከረንቱን በሚለውጠው ኢንቨርተር የሚባክነው ገና አልተቀነሰም።

ስለ ምጣድ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፣ እንጀራ ከቤታችን አይጠፋምና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት አለው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ባይወሰድበት ይመረጣል። የቀረው 600 ዋት ሰዓት አንድ ምጣድ የሚያቆየው ለ10 ደቂቃ ነው፤ ምጣዱ በቅጡ ሳይግል ባትሪው ያልቃል። ሊቲየም ባትሪ ከግማሹ በላይ እንዲወሰድበት ይፈቅዳል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። በአነስተኛ የቤት ሶላር እንጀራ ትጋግራለህ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ከገጠማችሁ ሌላ ሱቅ ፈልጉ። ምጣዱ፣ ካውያውና የውሃ ማፍያው ለዋናው መስመር ይተው፤ ብርሃን ወለዱ አምፖሉን፣ ስልኩን፣ ዋይፋዩን፣ ቴሌቪዥኑንና አነስተኛ ፍሪጁን ይያዝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆች የሚያነቡበት ብርሃን ማግኘታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በሰሌዳውና በባትሪው መካከል ቻርጅ ኮንትሮለር ይገባል፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ይጠብቃል። ኢንቨርተሩ ዲሲውን ወደ ግድግዳ ሶኬት 240 ቮልት ይለውጣል።

ካምፓላ ከምድር ወገብ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ስላለች ፀሐይ ግማሹን ዓመት በሰሜን፣ ግማሹን በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሰሌዳን ወደ ደቡብ ማዞር ቢመከርም እዚህ አቅጣጫው ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል። ደመና በሚበዛባቸው ወራት ምርቱ ይወርዳል፤ የሰሌዳው መጠን በእነዚያ ወራት ምርት ይታሰብ። የዛፍና የጎረቤት ፎቅ ጥላም በደንብ ይታይ፤ አንድ ጥግ ላይ ያረፈ ጥላ የሰሌዳውን ምርት በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል። የቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ መብረቅ ከሚበዛባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ስለሆነ መስመሩ ወደ መሬት መያያዝ አለበት። ይህን ሥራ ከኡጋንዳ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ፈቃድ ላለው ሠራተኛ ስጡ።

በየጊዜው በሞባይል መኒ እየከፈሉ የሚወስዱት ትንሽ ሶላር ለተከራይ ይመቻል፤ ቤት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ሆኖም ጠቅላላ ድምሩን ከእጅ በእጅ ዋጋው ጋር አነጻጽሩ።

የራሱ ቤት ላለውና ዋናው መስመር ለገባለት ቤተሰብ ምክሬ አንድ ነው፦ ውሃ በኤሌክትሪክ የምታሞቁ ከሆነ አስቀድማችሁ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ግዙ፤ ብርሃን ወለዱ ይከተል። ከመግዛታችሁ በፊት የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ዋትና የሚበሩበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለሻጩ ስጡት፤ ሰሌዳውና ባትሪው በቀን ስንት ዋት ሰዓት እንደሚሰጡም በጽሑፍ ተቀበሉት።