የብርሃን መስመሮችና የአቶም ዕውቀት

በትምህርት ቤቶች የአቶም ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው አስኳሉን በሚዞሩ የኤሌክትሮን ክበቦች ሥዕል ነው። ሥዕሉ ግን መልስ ነው። ጥያቄው ከመልሱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የተነሣ ሲሆን፣ የተነሣውም ከብርሃን ነው።

ጀርመናዊው መስታወት ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፀሐይን ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ አሳልፎ በፕሪዝም ሲበትነው፣ ከቀይ እስከ ሐምራዊ በተዘረጋው ቀለም መካከል ከ500 የሚበልጡ ጥቋቁር መስመሮችን አየ። እንግሊዛዊው ዊልያም ዎላስተን በ1802 ጥቂቶቹን ተመልክቶ ነበር፤ ቦታቸውን ለክቶ፣ ጉልሆቹንም በፊደል ሰይሞ የመዘገባቸው ግን ፍራውንሆፈር ነው። ምክንያታቸውን ሳያውቅ በ1826 ሞተ።

በ1859 ጉስታቭ ኪርክሆፍ በሃይደልበርግ የፀሐይን ብርሃን ጨው በገባበት ነበልባል ውስጥ አሳለፈ። ጨው እሳት ላይ ሲወድቅ ነበልባሉ ቢጫ እንደሚሆን በማድ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ቢጫ ብርሃን የሚያርፈው ፍራውንሆፈር «ዲ» ብሎ በሰየመው ጥቁር መስመር ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ጥቁሩን ይሞላዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የፀሐዩ ብርሃን ደካማ ሲሆን በእርግጥም እንዲሁ ሆነ፤ ሲበረታ ግን መስመሩ ከቀድሞው ይልቅ ጠቆረ። ከዚህም ሶዲየም ሲግል የሚያመነጨውን ያንኑ ብርሃን፣ ከእርሱ ይበልጥ ከጋለ ምንጭ ሲመጣበት እንደሚውጥ ተረዳ። በፀሐይም ከባቢ ውስጥ ሶዲየም እንዳለ ታወቀ። ፈላስፋው ኦጉስት ኮምት ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ከቶ ሊታወቅ አይችልም ካለ ገና ሩብ ምዕተ ዓመት አልሞላም ነበር። ኪርክሆፍና ኬሚስቱ ሮበርት ቡንሰን በዚሁ ዘዴ በ1860 ሲዚየምን፣ በ1861 ሩቢዲየምን አገኙ።

ይሁንና እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆኑ መስመሮች ብቻ የሚኖሩት ለምንድን ነው? ወደዚህ ጥያቄ በር የከፈተው የላቦራቶሪ ሰው አልነበረም። ዮሐን ባልመር በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሴቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር። በእጁ የነበሩት ስዊድናዊው አንግስትሮም የለካቸው አራት የሃይድሮጂን መስመሮች ናቸው፤ የሞገድ ርዝመታቸው በዛሬው መለኪያ 656.2፣ 486.1፣ 434.0 እና 410.1 ናኖሜትር ያህል ነው። ባልመር በ1885፣ በ60 ዓመቱ፣ አራቱም 364.56 በ9/5፣ በ16/12፣ በ25/21 እና በ36/32 ሲባዛ የሚገኙ መሆናቸውን አሳየ። የክፍልፋዮቹ ላዕላይ ቁጥር የ3፣ የ4፣ የ5 እና የ6 ካሬ ሲሆን፣ ታህታዩ ከዚያው ላይ 4 ተቀንሶ የሚቀረው ነው። በ7 ቢሰላ ደግሞ አምስተኛ መስመር ሊኖር ይገባል አለ። የባዝሉ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሐገንባኽ ይህ መስመርና ሌሎችም አስቀድሞ መታየታቸውን ነገረው፤ ቀመሩም ተስማማቸው። ባልመር በ1898 ሲሞት ግን ቀመሩ ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም።

ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር በ1913 መጀመሪያ ይህን ቀመር ባየ ጊዜ ሲፈልገው የነበረውን አገኘ። በእርሱ አስተሳሰብ ኤሌክትሮን የሚኖረው በተወሰኑ የጉልበት እርከኖች ላይ ብቻ ነው። ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ሲወርድ የሁለቱን ልዩነት በብርሃን መልክ ይለቃል፤ ትክክል ያንኑ ልዩነት የያዘ ብርሃን ሲያገኝ ደግሞ ውጦት ይወጣል። የብሩህና የጥቁር መስመሮች ቦታ አንድ የመሆኑ ምክንያትም ይኸው ነው። ሐሳቡ ብዙ ኤሌክትሮን ላላቸው አቶሞች አልበቃም፤ ለእነርሱ ከ1925 ወዲህ የመጣው የኳንተም መካኒክስ አስፈልጓል። ለሃይድሮጂን ግን ስሌቱ ሠመረ። አራቱ መስመሮች ኤሌክትሮኑ ከ3ኛው፣ ከ4ኛው፣ ከ5ኛውና ከ6ኛው እርከን ወደ 2ኛው ሲወርድ የሚወጡ ናቸው፤ የባዝሉ መምህር ከየካሬው ላይ ይቀንሳት የነበረችው 4 የዚህችው የ2 ካሬ ነበረች።