መብራት መጣ፣ ዋይፋዩስ? ለመተማ፣ ለገንዳ ውሃና ለአካባቢው ነዋሪዎች

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዋይፋይ አብሮ የማይመለስባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚህ ቆላው ላይ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህ፣ ማዶ ያለ ዘመዱን ድምፅ ለመስማት ኢንተርኔት የሚጠብቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። ነጋዴውም የሰሊጥ ዋጋ የሚያጣራው በስልኩ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ የመስመር ኢንተርኔት ያለው ቤት ምን ያህል እንደሚፈለግ ሁላችንም አይተናል።

ከሁሉ በፊት ግን ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነኩ። ያቺ ሪሴት ናት። ነቅሎ መሰካት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ። ሪሴት ከተደረገ ሲገጠም የገባው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሊጠፋ ይችላል፤ ያ ከሌለ ደግሞ መስመሩ ደህና ቢሆንም ኢንተርኔት አይገባም። እኛም አንድ ጊዜ በችኮላ ነክተናት፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልፈው ነገር አራት ቀን ፈጅቶብናል። ጥፋቱ የራሳችን ነበር።

መብራት እንደመጣ ወዲያው አትሰኩ። መጀመሪያ ላይ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ተመልሶም ይሄዳል፤ አዳፕተር የሚቃጠለው በዚህ ሰዓት ነው። 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ፣ ከዚያ ሌላ 5 ደቂቃ ታገሱ። በየደቂቃው ነቅሎ መሰካት ራውተሩን እንደገና ከዜሮ ያስጀምረዋል እንጂ አያፈጥነውም።

አሁን መብራቶቹን እዩ። አንዱም ካልበራ ሶኬቱን ወይም ማከፋፈያውን በስልክ ቻርጀር ሞክሩት። ሶኬቱ ከሠራ ጥርጣሬው አዳፕተሩ ላይ ነው። ራውተሩ በርቶ እየጠፋ፣ እንደገና እየተነሳ የሚያስቸግር ከሆነም እንደዚያው። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው። የምትቀይሩት ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ቀዳዳው ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር መሰካት ራውተሩን ማቃጠል ነው። የሶላር ባትሪ ላይ በቀጥታ መቀጠልም እንዲሁ፤ ፀሐይ ላይ እየሞላ ያለ የ12 ቮልት ባትሪ ከ14 ቮልት በላይ ይደርሳል።

ራውተሩ በርቶ መስመር ካልያዘ፣ ቤታችሁ የገባው የስልክ ሽቦ ነው ወይስ ፋይበር? ሽቦ ከሆነ ዲ-ኤስ-ኤል የሚለው መብራት ሳይርገበገብ መቆም አለበት። የቤት ስልክ ካላችሁ አንሱት፤ ድምፅ ከሌለው ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ፋይበር ከሆነ ኤል-ኦ-ኤስ የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃኑ ከውጭ እየገባ አይደለም። ገመዱ ተጣጥፎ ወይም ዕቃ ተጭኖት እንደሆነ እዩ፤ ጫፉን ነቅላችሁ ግን በዓይናችሁ አትመልከቱ፣ ዓይን ይጎዳል።

መስመሩ ቆሞ ኢንተርኔት የሚለው ብቻ ካልበራ፣ የወሩ ክፍያ አልቆ እንዳይሆን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ መብራት በጠፋበት ሰሞን ቀኑ ያልፍና ጥፋቱ ሁሉ በመብራት ይሳበባል።

ጎረቤትንም ጠይቁ። የእሱም ከጠፋ የእናንተን ራውተር መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ሰፈር ውስጥ ያሉት የቴሌ ካቢኔቶችና የሞባይል ታወሮችም መብራት ይፈልጋሉ፤ መብራቱ ለረጅም ሰዓት ከጠፋ የመጠባበቂያ ባትሪያቸው ያልቃል፣ ሲመለስም ለመነሳት ጊዜ ይወስዳሉ።

ሲም የሚገባበት ራውተር ያላችሁ፣ በተለይ መተማ ዮሐንስ ያላችሁ፣ ማዶው ገላባት መሆኑን አትርሱ። የኔትወርክ ምርጫው አውቶማቲክ ላይ ከሆነ የማዶውን ሲፈልግ ሊቆይ ይችላል፤ የራሳችሁን ኔትወርክ በእጅ ምረጡለት።

ሙቀቱን ደግሞ ማንም አያስበውም። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስንት እንደሚደርስ ለእናንተ አንነግራችሁም። ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጡት፣ በጨርቅ አትሸፍኑት፣ ከመሬት ብዙ ከፍ አታድርጉት። ቀን እምቢ ብሎ ማታ የሚሠራ ራውተር ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር መብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩን ሽቦም ንቀሉ፤ መብረቅ በሽቦው ይገባል። ፋይበሩ ራሱ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የመብራቱን ሶኬት መንቀል ግን ለእሱም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ 994 ደውሉ። ስትደውሉ የአገልግሎት ቁጥራችሁን ያዙ፣ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደበራም ንገሯቸው፤ "ዋይፋይ አይሠራም" ብቻ ካላችሁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱኑ ነው።