ኦስሎ፡ ድንቅ ሕንጻዎቿን በለስላሳ ሸክላ ላይ ያቆመችው ከተማ

በኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ፣ በወደቡ ዳርቻ የሚገኘው የኦፔራ ቤት ጣሪያ ለማንኛውም እግረኛ ክፍት ነው። ነጩ እብነ በረድ ከባሕሩ ጠርዝ ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጎብኚዎች እየተራመዱ ከሕንጻው አናት ይደርሳሉ።

ስኖሄታ በተባለው የኖርዌይ የሥነ ሕንጻ ድርጅት ተነድፎ እአአ በሚያዝያ 2008 የተመረቀው ይህ ሕንጻ 1,100 ገደማ ክፍሎች አሉት። ዋናው አዳራሹ ከ1,300 በላይ ተመልካቾችን ያስተናግዳል። በተመረቀ በዓመቱ ደግሞ ትልቁን የአውሮፓ ኅብረት የዘመናዊ ሥነ ሕንጻ ሽልማት አግኝቷል።

ከኦፔራ ቤቱ አጠገብ፣ እአአ በጥቅምት 2021 በሩን የከፈተው ባለ 13 ፎቅ የሙንክ ሙዚየም ይታያል። የላይኛው ክፍሉ ወደ ከተማዋ ጎንበስ ብሎ የተሠራ ነው። ንድፉ የስፔኑ ኤስቱዲዮ ሄሬሮስ ነው። ከበስተጀርባቸው ደግሞ ቀጫጭን ማማዎች ተደርድረው 'ባርኮድ' የሚል ስም ያሰጣቸው የቢሮና የመኖሪያ ሕንጻዎች ቆመዋል።

ቢዮርቪካ በሚባለው በዚህ ሰፈር እነዚህ ሁሉ ሕንጻዎች የተሠሩት ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው ከመሬት በላይ ያለውን ነው። መሐንዲሶቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን ከመሬት በታች ያለው፣ ማለትም ለስላሳው ሸክላ አፈር እና በውስጡ የተያዘው ውሃ ነበር።

ባሕር የነበረ ምድር

የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ የበረዶው ዘመን ሲያበቃ ስካንዲኔቪያን ሸፍኖ የነበረው ግዙፍ ግግር በረዶ ቀለጠ። የበረዶው ክብደት መሬቱን ተጭኖት ስለነበር፣ በዚያን ጊዜ የኦስሎ አካባቢ ሰፊ ክፍል በባሕር ሥር ነበር። የጥንቱ የባሕር ጠርዝ አሻራ ዛሬ የሚገኘው አሁን ካለው የባሕር ጠለል 220 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው።

ከበረዶው የሚወርዱ ወንዞች ያመጡት እጅግ የላመ ደለል በጨዋማው ውሃ ውስጥ እየሰከነ ወፍራም የሸክላ ንጣፍ ሠራ። ሸክሙ የተነሳለት መሬት ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ያ የባሕር ወለል የብስ ሆነ። መሬቱ ዛሬም በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ማለቱን አላቆመም።

ቢዮርቪካ ደግሞ ለባሕር ይበልጥ የቀረበ ታሪክ አለው። የሰፈሩ ከፊል መሬት በጊዜ ሂደት በሙሌት ከባሕር የተወሰደ ነው። እአአ በ2008 ለባርኮድ ሕንጻዎች መሠረት ሲቆፈር ከመቶዎች ዓመታት በፊት የሰመጡ የእንጨት ጀልባዎች ቅሪት ተገኝቷል። ዛሬ የቢሮ ሠራተኞች የሚመላለሱበት ቦታ በአንድ ወቅት ጀልባ የሚቀዝፉበት ነበር።

ከእነዚህ ሸክላዎች መካከል አደገኛው፣ ኖርዌያውያን 'ክቪክላይረ' የሚሉት ዓይነት ነው። የሸክላው ቅንጣቶች በባሕር ውስጥ ሲሰክኑ ልክ እንደ ካርታ ቤት እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ይቆማሉ። አያይዞ የሚያጸናቸው ጨው ነው። የዝናብና የምንጭ ውሃ ለሺህ ዓመታት ጨውን ሲያጥበው ግን ድጋፉ ይሳሳል። አፈሩ ካልተነካ ጠንካራ መስሎ ይኖራል፤ ከመጠን በላይ ሲጫኑት ወይም ሥሩ ሲሸረሸር በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ሾርባ ይፈሳል።

ሕንጻው የሚቆመው በምን ላይ ነው?

በእንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ከባድ ሕንጻ ለማቆም ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ሸክላውን አልፎ አለቱን መፈለግ ነው። በግንባታ ባለሙያዎች ዘንድ 'ፓይል' የሚባሉ ረጃጅም የብረት ወይም የኮንክሪት ምሰሶዎች እስከ አለቱ ድረስ ይወርዳሉ። የሕንጻው ክብደት በእነዚህ ምሰሶዎች አማካኝነት ለስላሳውን አፈር አልፎ ወደ አለቱ ይተላለፋል። አስቸጋሪው ነገር የኦስሎ አለት ጥልቀት እኩል አለመሆኑ ነው። በአንዱ መንገድ አለቱ ከአስፋልቱ ሥር ብቅ ሲል፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ በቢዮርቪካ አንዳንድ ቦታዎች ግን ከ50 ሜትር በላይ መውረድ ያስፈልጋል። በአንድ ሕንጻ ሥር እንኳ አንዱ ፓይል አጭር፣ ሌላው እጅግ ረጅም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ሕንጻውን እንደ ጀልባ ማንሳፈፍ ነው። መሐንዲሶች የሕንጻውን ክብደት ያሰላሉ፤ ከዚያም ከሥሩ ያንኑ የሚመዝን አፈር ቆፍረው ያወጣሉ። ባዶው ቦታ ምድር ቤት ይሆናል። ሸክላው ቀድሞ ከተሸከመው የበለጠ ክብደት ስለማይጫንበት ብዙ አይሰምጥም። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ በነበረበት ከፍታ ከቆየ ብቻ ነው።

በኦፔራ ቤቱ ሌላም ፈተና ነበር። የመድረኩ ማንሻ መሣሪያዎች የሚገኙበት ክፍል ከባሕር ጠለል በታች እስከ 16 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ጥልቀት ውሃው ግድግዳውን ወደ ውስጥ፣ ወለሉን ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ መሠረቱ ሕንጻው እንዳይሰምጥ ብቻ ሳይሆን ውሃው ወደ ላይ እንዳያነሳውም ታስቦ መሠራት ነበረበት።

በባሕር ወለል ላይ የተቀመጠው መንገድ

ቢዮርቪካ የባህል ሰፈር ከመሆኑ በፊት ዋናው አውራ ጎዳና ከተማዋን ከባሕሩ ለይቶ ያልፍበት ነበር። መኪኖቹን ከመሬት በታች ማሳለፍ የሰፈሩ እቅድ ቁልፍ ሆነ። ለስላሳውን ሸክላ ሰንጥቆ ዋሻ መቆፈር ከባድ በመሆኑ ግን ኖርዌይ በመንገድ ግንባታ ከዚያ በፊት ያልሞከረችው ዘዴ ተመረጠ።

እያንዳንዳቸው 112.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው 6 ግዙፍ የኮንክሪት ሳጥኖች በምዕራባዊቷ ከተማ በርገን አቅራቢያ ተሠሩ። ጫፎቻቸው ታሽገው በባሕር ላይ ተንሳፈፉ፤ የአገሪቱን ደቡባዊ ዳርቻ ዞረው እስከ ኦስሎ ተጎተቱ። እዚያም በውሃ እየተሞሉ ቀስ ብለው ወደ ተዘጋጀላቸው ቦይ ወረዱና እርስ በርስ ተገጣጠሙ። በአጠቃላይ 1,100 ሜትር የሚረዝመው የቢዮርቪካ ዋሻ እአአ በመስከረም 2010 ተመረቀ። ከርዝመቱ 675 ሜትር ያህሉ በዚህ መልኩ በባሕር ወለል የተቀበረ ነው። ዛሬ በኦፔራ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚንሸራሸሩ ሰዎች የመኪና ድምፅ የማይሰሙት ትራፊኩ ከባሕሩ ሥር ስለሚያልፍ ነው።

ውሃው ሲያመልጥ የሚጎዳው ማን ነው?

አዲስ ሕንጻ ፓይል አለው። ከጎኑ ያለው የመቶ ዓመት ቤት ግን ብዙ ጊዜ የለውም። የኦስሎ መሐንዲሶች በውድ ዋጋ የተማሩት ይህንን ነው።

የሸክላው ቅንጣቶች በመካከላቸው ባለው ውሃ ግፊት ይደገፋሉ። በአቅራቢያ ጥልቅ ጉድጓድ ወይም ዋሻ ተቆፍሮ ውሃው በስንጥቅ ሾልኮ ከወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። ሸክላው እንደተጨመቀ ስፖንጅ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለው ቤትም ይሰምጣል። አንዱ ጥግ ከሌላው ይበልጥ ሲሰምጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል። አሮጌ ቤቶችን የተሸከሙ የእንጨት ምሰሶዎችም ውሃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ለዘመናት ይጸናሉ፤ ውሃው ሲሸሽና አየር ሲያገኛቸው ይበሰብሳሉ።

ይህ ከመቶ ዓመት በፊት በግልጽ ታይቷል። ከተማዋ ገና ክርስቲያኒያ ትባል በነበረበት በ1912 ከማዮርስቱዌን ወደ ብሔራዊ ትያትር የሚወስድ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። በቫልኪሪ አደባባይ ዙሪያ መሬቱ ሰምጦ ቤቶች ተጎዱ፤ ክርክር ተከተለ፤ ሥራው ተጓተተ። መስመሩ የተከፈተው ከ16 ዓመት በኋላ በ1928 ነበር።

በ1990ዎቹ ደግሞ ትምህርቱ ተደገመ። ኦስሎን ከአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር የሚያገናኘው የፈጣን ባቡር መስመር አካል የሆነው፣ 14.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሮመሪክስፖርተን ዋሻ ሲቆፈር ውሃ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። ከዋሻው በላይ ባለው የኦስትማርካ ደን የሐይቆች ውሃ ቀነሰ፤ በሄለሩድ ሰፈርም ቤቶች ተጎዱ። ፍሰቱን ለማስቆም በ1997 ጥቅም ላይ የዋለው የማሸጊያ ኬሚካል መርዛማው አክሪላማይድ ያለበት መሆኑ ደግሞ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። አውሮፕላን ማረፊያው በጥቅምት 1998 ሥራ ሲጀምር ዋሻው አልደረሰም ነበር፤ የተከፈተው በነሐሴ 1999 ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ በአዲሱ የፎሎ ባቡር መስመር ላይ ይታያል። እአአ በታኅሣሥ 2022 የተከፈተው፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የዚህ መስመር ዋሻ አብዛኛው ክፍል የተቆፈረው በ4 ግዙፍ መሰርሰሪያ ማሽኖች ነው። ማሽኖቹ ወደፊት በገፉ ቁጥር ከኋላቸው ውሃ የማያስገቡ የኮንክሪት ቀለበቶች ይገጠሙ ነበር። ውሃው ሳያመልጥ በፊት በሩን መዝጋት፣ ካመለጠ በኋላ ከማሳደድ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በተግባር የዋለበት ነው።

ሸክላውን ያጠኑት

ኦስሎ ከሸክላዋ ጋር ያደረገችው ትግል የራሱን የዕውቀት ማዕከል ወልዷል። እአአ በ1953 የተቋቋመው የኖርዌይ ጂኦቴክኒክ ተቋም በዓለም ላይ በአፈር ሳይንስ ምሕንድስና ከሚታወቁት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ትውልደ ዴንማርካዊው ላውሪትስ ቢየሩም እና ባልደረቦቻቸው፣ በለስላሳ ሸክላ ውስጥ የሚቆፈር ጉድጓድ መቼ ሊደረመስ እንደሚችል ለማስላት የሠሯቸው ጥናቶች የኦስሎን ስም ወደ መማሪያ መጻሕፍት አስገብተዋል። የዘመናዊ የአፈር ምሕንድስና አባት የሚባሉት ካርል ቴርዛጊ የግል ቤተ መጻሕፍትም የሚገኘው በዚሁ ተቋም ነው።

አሁን ክትትሉ ከሰማይ ሆኗል። የኖርዌይ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እአአ በ2018 ይፋ ያደረገው ካርታ፣ የአውሮፓ ሳተላይቶች በራዳር የለኩትን የመሬት እንቅስቃሴ በሚሊሜትር ያሳያል። ካርታው ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ የቤት ባለቤት ከአጠገቡ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ መሬቱ ምን ያህል እንደወረደ ራሱ ማየት ይችላል። ቀድሞ በግድግዳ ስንጥቅ ላይ ብቻ ይመሠረት የነበረ ክርክር አሁን የሚጠቀስ መረጃ አግኝቷል።

ትንሹ ወንዝ ያስከተለው ጥፋት

ጉዳዩ የግድግዳ ስንጥቅ ብቻ አለመሆኑን ኖርዌያውያን ዳግም ያስታወሱት እአአ ታኅሣሥ 30/2020 ንጋት ላይ ነው። ከኦስሎ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው የርድሩም ወረዳ፣ አስክ በተባለች መንደር ከመኖሪያ ቤቶች ሥር የነበረው ሸክላ በድንገት ፈሰሰ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,000 በላይ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ።

መንግሥት ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን በ2021 ባቀረበው ሪፖርት፣ በአካባቢው የሚፈስ አንድ ትንሽ ወንዝ የተዳፋቱን ሥር ለዓመታት መሸርሸሩ ዋነኛ ምክንያት እንደነበር ደምድሟል። በኦስሎ መሃል ያሉ ትልልቅ ግንባታዎች በመሣሪያ ይለካሉ፤ እዚያ ግን አደጋው ለዓመታት ቀስ በቀስ ያደገ ነበር።

ከኦስሎ እስከ አዲስ አበባ

የአፈር ጠባይ ግንበኛውን የሚፈትነው በኖርዌይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌና በምሥራቃዊው የከተማዋ ክፍል፣ ብዙዎች ዋልካ ብለው የሚያውቁት ጥቁር ሸክላ አፈር አለ። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያረፈ ቀላል ቤት ወይም አጥር በየዓመቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይሰነጠቃል። ጥንቁቅ ግንበኛ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር ይተካል፤ አለዚያም መሠረቱን ጠለቅ አድርጎ ጽኑ መሬት ላይ ያሳርፋል።

የሁለቱ ከተሞች ሸክላ ይለያያል። የኦስሎው ውሃ ሲያጣ ይሰምጣል፤ የአዲስ አበባው ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። በሁለቱም ቦታ ግን የመሬቱ ጠባይ የሚወሰነው በውሃው ነው። በሁለቱም ቦታ የአፈር ምርመራ ከግንባታው ጠቅላላ ወጪ አንጻር ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ሲዘለል ግን ዕዳው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በገንቢው ላይ ሳይሆን፣ በንድፉ ላይ ምንም ድምፅ ባልነበረው ጎረቤት ላይ ነው።