ያማሃዬን በቢኤምደብሊው? ከዶሮ ማነቂያ እስከ ዳካር

ያማሃዬን ሸጬ ቢኤምደብሊው ልግዛ ወይስ ባለችኝ ልቆይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ያማሃዬ ኤክስቲ 600 ናት። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ በካርቡሬተር የምትሠራ፣ ያለ ነዳጅ ከ160 ኪሎ በታች የምትመዝን። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። የሚሸጠው ደግሞ የጓደኛዬ አር 1150 ጂኤስ ነው። ጓደኛዬ ኑሮውን ጠቅልሎ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ፣ "ለአንተ ስለሆነ ነው" ብሎ ዋጋውን ሰብሮልኛል። ቢሰብረውም ባይሰብረውም፣ ከገዛሁት ለዓመታት ያጠራቀምኳት ብር ሙልጭ ትላለች። ለመወሰን ሁለት ሳምንት ሰጠኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱን ሳምንት ዩቲዩብ ላይ የሞተር ንጽጽር ሲያይ ይከርም ነበር። እኔም አየሁ። ግን መልሱን ያገኘሁት ታሪክ ውስጥ ነው፤ ያውም እዚሁ አራዳ።

መጀመሪያ ለመቀየር የፈለግኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ሞተሬ የምታድረው ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ግቢ ነው። ቅዳሜ በአውቶብስ 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ አወጣትና ወደ ጣርማበር እወጣለሁ። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። ለቆላ የተለካለትን ቤንዚን ደጋ ላይም ያፈሰዋል። ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ሞተሯ ትታፈናለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ጡሩምባውን እያንባረቀ ያልፈኛል። ቢኤምደብሊው ግን ነዳጁን የሚለካለት ኮምፒውተር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም ይቀንሳል። ሰንሰለትም የለውም፤ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በተሸፈነ ዘንግ ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ጨዋታው አልቋል።

አራዳ ላይ ግን ወረቀት ብቻውን አሸንፎ አያውቅም።

በ1900 ዓ.ም. ሁለት አውሮፓውያን በተቀራራቢ ጊዜ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለ መኪና አመጣ፤ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ ደግሞ ናከ የተባለ። ሁለት አገር፣ ሁለት ማርካ፣ አንድ ንጉሥ! በከተማችን የመጀመሪያው "የቱ ይሻላል" ክርክር ሳይሆን አይቀርም። ለሁለቱም ግን የሚሆን መንገድም ጋራዥም አልነበረም። ዛሬ ሁለቱም ማርካ ገበያ ላይ የለም።

መንገዱም ጋራዡም በብዛት የመጣው በክፉ ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሞቶ ጉዚም አብሮ መጣ። የየካቲት 12ን እልቂት የፈጸመው ያው ወራሪ፣ ጦሩንና ጭነቱን ለማመላለስ መንገድ ቆረጠ፤ የጣርማበርን ዋሻ በሳ፤ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ የዛሬውን መርካቶ አቋቋመ፤ ለአራዳም "ፒያሳ" የሚል ስም ጥሎላት ሄደ። መንገዱ ለእኛ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በ1933 ጣሊያን ሲሸነፍ ግን መንገዱ ቀረ፣ መካኒኮቹም አንዳንዶቹ ቀሩ፣ ከእነሱ ሥር ቁልፍ ሲያቀብሉ የነበሩ የእኛ ልጆች ሙያውን ያዙት።

ቋንቋውንም ጭምር። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። "ማርካ" የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ነው። አስቡት፤ የኔዋ ሞተር ጃፓን ተሠርታ አዲስ አበባ ላይ የምትታከመው በጣሊያንኛ ነው። ሞቶ ጉዚው ከመንገዳችን ጠፋ፤ የሚፈታው እጅና የሚጠራበት ቃል ግን ቀሩ። ከዚያ በኋላ የመጣ ማርካ ሁሉ እጅ የሰጠው ለዚህ እጅ ነው። እጁ የተቀበለው ማርካ ደግሞ እንዴት እንደሚገንን ለማየት ባጃጅን ማየት ይበቃል፤ የአንድ የህንድ ፋብሪካ ስም ነበር፣ ዛሬ የዕቃው ስም ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ ልውሰዳችሁ። ኡቤር ኦሪዮል ይባላል። ፈረንሳዊ ነው፤ የተወለደው ግን በግንቦት 30 ቀን 1944 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በኋላ "አፍሪካዊው" የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ስሙን የማታውቁት ከሆነ አይገርመኝም፤ እኔም ዘንድሮ ነው ያወቅኩት። ታሪኩን ሳነብ ግን ቡናዬ ቀዘቀዘ፤ የኔ ጥያቄ የእሱም ጥያቄ ነበርና።

ፓሪስ–ዳካር የሚባለው የበረሃ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1971 ሲካሄድ ኦሪዮል የተሳተፈው በያማሃ ኤክስቲ 500 ነበር፤ የኔዋ ታላቅ እህት በሉት። ያን ዓመት ያሸነፈውም ሲሪል ኔቩ በዚያው ዓይነት ሞተር ነው። ኦሪዮል ግን ወዲያው ወደ ቢኤምደብሊው ተሻገረ። ቢኤምደብሊው ያኔ የሞተር ክፍሉ ገበያ ቀዝቅዞበት ተጨንቆ ነበር፤ መውጫ ብሎ አር 80 ጂኤስን አወጣ። ሁለቱ ፊደላት ጭቃውንም አስፋልቱንም ማለት ናቸው። ሞተሩ ይፋ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥር 1973፣ ኦሪዮል በቢኤምደብሊው ዳካርን አሸነፈ። በ1975 ደገመው። ዛሬ ጓደኛዬ የሚሸጥልኝ ጂኤስ የዚያ ድል የልጅ ልጅ ነው።

በ1976 ኦሪዮል ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው የገዛ ቡድኑ ባልደረባ፣ ቤልጂየማዊው ጋስቶን ራሂዬ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኦሪዮል ማርካ ቀየረ፤ የዱካቲ ሞተር የተገጠመለትን የጣሊያኑን ካጂቫ ይዞ መጣ። ያን ዓመት ማን ቢያሸንፍ ጥሩ ነው? ራሂዬ፣ በዚያው በተተወው ቢኤምደብሊው።

ኦሪዮል ግን አልተመለሰም። በ1979 ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው በካጂቫ እየመራ ነበር። መንገድ ዳር ከተቀበረ ጉቶ ጋር ተጋጨ፤ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። በተሰበረ እግር ሞተሩ ላይ ወጥቶ የቀረውን መንገድ እስከ ዕለቱ መድረሻ ነዳና እያለቀሰ ወረደ። ዋንጫውን ኔቩ በሆንዳ ወሰደው። ካጂቫ በመጨረሻ በ1982 አሸነፈ፤ የነዳው ግን ኤዲ ኦሪዮሊ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። ኦሪዮል ወደ መኪና ዞሮ በ1984 በሚትሱቢሺ አሸነፈ፤ በሞተርም በመኪናም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በጥር 2013 አረፈ።

ይህን ታሪክ "ማርካ መቀየር ያስቀጣል" ብሎ ማንበብ ይቻላል። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። ጉቶው ማርካ አይመርጥም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ኦሪዮል ማርካ በቀየረ ቁጥር ሙሉ ቡድን ከኋላው ነበር፤ መካኒክ፣ መለዋወጫ፣ የሚከተል ካሚዮን። እሱ የቀየረው ሞተር ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ ሞተሩን የሚፈቱለትን ሰዎች ጭምር ነው። እኔስ ከኋላዬ ማን አለ?

ያለ ካሚዮን የተጓዘም አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን መስከረም 26 ቀን 1966 ከለንደን በትራያምፍ ተነስቶ ዓለምን በአራት ዓመት ዞረ፤ በእኛም አገር አለፈ። ሞተሩን የሠራው የሜሪደን ፋብሪካ በዚያው መስከረም ይዘጋል ተብሎ ሠራተኞቹ በሩን ቆልፈው ተቀምጠው ነበር። በ1993፣ በ69 ዓመቱ፣ ያንኑ መንገድ ሊደግም ሲወጣ የያዘው አር 80 ጂኤስ ነበር። ልብ በሉ፤ ለሩቅ መንገድ የመረጠው በጊዜው አዲስ የሆነውን ሳይሆን ሊፈታ የሚችለውን አሮጌ ሞዴል ነው።

የኔን ሞተር የሚፈታልኝ ሰው ለብዙ ዓመት ዶሮ ማነቂያ ነበር። ጋሼ ነው የምለው። ስቱኮው ከረገፈ ግድግዳ ሥር፣ በአንድ የእንጨት ሳጥን ዕቃ። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ እንደ ሐኪም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ከተማው ሞተር ሳይክልን በወንጀል ምክንያት ሲያግድና ለተፈቀደላቸው ብቻ ሲተው፣ ሥራው ግማሽ ሆነ። የኔዋም ደብረ ብርሃን የገባችው ያኔ ነው። በ2016 ደግሞ ፒያሳ ፈረሰች፤ ዶሮ ማነቂያም አብራ። ጋሼ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ እሱም አይክድም። ግን ደንበኛው በሙሉ በእግር የሚመጣ የአራዳ ሰው ነበር።

ቀጠሮው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የጓደኛዬን ቢኤምደብሊው ፎቶ በስልኬ ይዤ ሁለት ታክሲ ለውጬ ሄድኩ። መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ አንድ ባጃጅ ገልብጦ አገኘሁት። ፎቶውን ራቅ አድርጎ አየ።

"ጥሩ ብረት ነው" አለ። "ብረት አልፈራም፤ ይፈታል፣ ይታሰራል። ግን አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ሲታመም እኔ በካቻቪቴ ምን ልሰማለት? ዕቃውንስ ሶማሌ ተራ ታገኘዋለህ?"

"አላገኘውም።"

"ታዲያ ያችኛይቱ ምን በደለችህ?"

የጣርማበርን ዳገት ነገርኩት። ሳቀብኝ። ከሳጥኑ የጥፍር ያህል ነሐስ አወጣ፤ መሃሏ ላይ በመርፌ የተበሳች የምትመስል ቀዳዳ አለቻት። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው እሷ ናት። ቀዳዳዋ ጠበብ ስትል ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሞተሯም ደጋ ላይ ትተነፍሳለች። ለደጋ መንገድ አንዷን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሌላዋን። ለጀርመኑ ኮምፒውተር ላወጣው የነበረው ገንዘብ በምሳ ሒሳብ አለቀ።

ችግሩ ሁሉ ተፈታ አልልም። ሰንሰለቷ አሁንም በየጊዜው ይለቃል፤ ጉልበቷም የቢኤምደብሊውን አታህልም። ጋሼም እያረጀ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያማሃዬን ማን እንደሚያዳምጣት ሳስብ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ከብሬ ላይ ጥቂት ቀንሼ የራሴን ቁልፎች ገዛሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ሸራው ሥር ቁልፍ አቀባይ ሆኛለሁ። እስካሁን የተማርኩት ካንዴላ መለወጥና ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው።

ጓደኛዬ ሞተሩን ለሌላ ሰው ሸጠ። ገዢው ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሎታል። "ጥሩ መካኒክ ታውቃለህ?" አለኝ። የጋሼን ቁጥር ሰጠሁት።