የኢሬቻ ምልክቶችና የመጻሕፍት ክርክር በአምቦና በምዕራብ ሸዋ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በገዶና በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላትና የዋቄፈና ተከታዮች ተጎራብተው ይኖራሉ። በመካከላቸው የሚነሣው ሃይማኖታዊ ሙግት ስለ ፈጣሪ መኖር ከሚሆን ይልቅ በሚታይ ነገር ላይ የሚያተኩርበት ጊዜ ይበዛል፦ ቅቤ የተቀባ ዛፍ፣ ወንዝ ውስጥ የሚነከር እርጥብ ሣር፣ በግንባር ላይ የሚታሰር ከለቻ፣ አባ ገዳው የሚይዘው ቦኩ፣ ያገቡ ሴቶች የሚይዙት ሲንቄ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ታቦት፣ ሥዕልና ጠበል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚመለከው ዕቃው ነው ወይስ ከዕቃው ባሻገር ያለው? ይህን ዕቃውን በማየት ብቻ ወይም አንድ ጥቅስ በመምዘዝ መወሰን አይቻልም። ምልክቱን የያዘው ሰው ስለ ምልክቱ የሚናገረውና በፊቱ ቆሞ የሚያደርገው ነገር እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይገባል፤ አለዚያ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ምልክት የሚሰጠውን ሰፊ ትርጉም ለሌላው ይነፍጋል።

ዋቄፈና በአንድ ፈጣሪ፣ በዋቃ፣ ማመን ነው። የተጻፈ ቅዱስ መጽሐፍ የለውም፤ ትምህርቱ በጸሎት፣ በምርቃት፣ በገዳ ሕግና በአባቶች ቃል ይተላለፋል። ከሕግ አውጪው ማኮ ቢሊ ስም ጋር የሚያያዘው የሜጫ ኦሮሞ ሕግ የታወጀበት ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በዚሁ ዞን፣ በኢሉ ገላን ወረዳ ነው። ኦዳው ሾላ ነው፤ ከጥላው ሥር ሕግ ይወጣል፣ ጠብ ይበርዳል፣ ጸሎት ይደረጋል። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የገዳን ሥርዓት በቅርስነት ሲመዘግብ ዕውቅና ያገኘው ይህ አሠራር ነው። የምስጋና በዓሉ ኢሬቻም ሁለት መልክ አለው፦ ክረምቱ ሲወጣ በውኃ ዳር ምስጋና የሚቀርብበት ኢሬቻ መልካና በበጋ በኮረብታ ላይ ዝናብ የሚለመንበት ኢሬቻ ቱሉ። በምዕራብ ኦሮሞዎች መካከል የኖሩት የካቶሊክ ቄስ ላምበርት ባርተልስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የገበሬዎቹን ጸሎት በራሳቸው ቃል መዝግበዋል። ጸሎቶቹ የሚጣሩት ዋቃን ነው። መዝጋቢው የሌላ እምነት ካህን መሆናቸው የምስክርነቱን ክብደት ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

የወንጌላውያኑ ክስ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዘዳግም ምዕራፍ 12 በለመለመ ዛፍ ሥር የሚደረገው አምልኮ እንዲጠፋ ያዝዛል፤ ጳውሎስም በሮሜ ምዕራፍ 1 በፈጣሪ ፈንታ ፍጡርን ያመለኩትን ይወቅሳል። ዛፍ ቅቤ ሲቀባ ያየ አማኝ እነዚህን ቢያስታውስ አያስገርምም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ አብርሃም በሞሬ አድባር ዛፍ አጠገብ መሠዊያ እንደ ሠራ፣ ያዕቆብ በቤቴል ድንጋይ አቁሞ በራሱ ላይ ዘይት እንዳፈሰሰ፣ ኢያሱም በሴኬም ከዛፍ በታች ለምስክር ታላቅ ድንጋይ እንዳቆመ ይተርካል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 26 ደግሞ ሐውልት ማቆምን ይከለክላል። እንግዲህ ዘይት የፈሰሰበት ድንጋይ በአንዱ ገጽ ቃል ኪዳን፣ በሌላው ገጽ ጣዖት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ድንጋዩ አይደለም። እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ከሕዝቅያስ ታሪክ ይመጣል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የነሐስ እባብ ንጉሡ ሰባበረው፤ ስለዚህ የመነሻ ሐሳብ ንጹሕ መሆኑ ምልክትን ከጣዖትነት አያድንም ይባላል። ትክክል ነው። ሆኖም ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 የሰባበረበትን ምክንያት ሲናገር ሕዝቡ ያጥንለት እንደ ነበር ይጠቅሳል። የፈረደው ከቅርጹ ሳይሆን ከድርጊቱ ተነሥቶ ነው። ያዕቆብ ራእይ አይቷል፣ ዋቄፈታው (የዋቄፈና ተከታዩ) ግን አላየም የሚለው ሌላው መልስም ክርክሩን ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል፤ የትኛው ሃይማኖት እውነተኛ ነው ወደሚለው። ያ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ዛፍ ይመለካል ከሚለው ክስ ጋር መቀላቀል የለበትም። ወንጌላዊው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ፈጣሪን በዋቃ ስም መጥራቱም፣ የእምነቶቹን አንድነት ባያረጋግጥ እንኳ፣ ቀደምቱ ወንጌላውያን የአገሬው ሰው ከዛፍ በላይ ያለ አምላክ እንደሚያውቅ መቀበላቸውን ያሳያል።

ተመሳሳዩ ክስ በኦርቶዶክስ ምእመናን ላይም ይሰነዘራል። ምልክት ከዕቃው ባሻገር እንደሚያመለክት ግን እነርሱም ያውቃሉ፤ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ዓለምን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ አዲስ መናገሻ ሊያደርጓት ቆረቆሯት፤ ሐሳቡ ሲቀር ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ደብረ ጽዮን ተባለ። ኅዳር 21 ቀን የአክሱም ጽዮን በዓል እዚያም ይከበራል። ጽዮን ኢየሩሳሌም፣ አክሱምና ሸዋ ውስጥ በአንድ ጊዜ የምትገኘው ምልክት ስለሆነች ነው፤ ይህን የተረዳ ምእመን የኦዳውን ጥላ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ለታቦትና ለሥዕል መስገድን መጠየቅም ከውጭ ከመጣ ሚስዮናዊ የተጀመረ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል አንሰግድም ብለው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ብርቱ ስደት ደርሶባቸዋል። እነርሱም መነኮሳት ነበሩ፤ የሚጠቅሱትም ያንኑ መጽሐፍ ነው።

በቅርብ ዓመታት ክርክሩን ያወሳሰበው ደግሞ ኢሬቻ «ባህል እንጂ ሃይማኖት አይደለም» የሚለው አስታራቂ መሳይ ሐሳብ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ኅሊናው ሳይወቅሰው በበዓሉ እንዲገኝ ያስችላል። ዋጋ የሚከፍለው ግን ዋቄፈታው ነው፤ ምስጋናው ለዋቃ የሚቀርብ ጸሎት መሆኑ ቀርቶ ልብስና ዘፈን ይሆንበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ሲደነግግ መጽሐፍ ያለውንና የሌለውን እምነት አልለየም። የበዓሉ ታዳሚ የመጣበትን ምክንያት ራሱ ሊወስን ይችላል፤ ለአመስጋኙ ግን ሌላ ሰው ሊወስንለት አይችልም። መጽሐፍ የሌለው እምነት ማንም እንደ ፈለገ የሚተረጉመው ነው የሚለው ተቃውሞም ብዙ አይራመድም። ካርል ኤሪክ ክኑትሰን በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ሜጫ የቃሉ (የሃይማኖት መሪው) ሥርዓት ያሳተመው ጥናት በርእሱ ሳይቀር ሥልጣንንና ለውጥን አንድ ላይ ያነሣል። ልማድ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ይለወጣል፤ አንድ መጽሐፍ የያዙት አብያተ ክርስቲያናት ብዛት ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

የተጠራጣሪው ሙግት ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እርሱ የሚጠይቀው የማን ምልክት ትክክል ነው ሳይሆን ምልክት ሁሉ ምን ይሠራል ብሎ ነው። ከንጉሡ ሌላ በሆነው በፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው «ሐተታ»፣ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ጣሊያናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚለው ላይ ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ መጻሕፍትን በልቡና መመርመርን በግዕዝ ያቀረበ ሥራ ነው። ደርግ ግን ምርመራውን በጉልበት ተካው፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ጉዲና ቱምሳ በ1979 እ.ኤ.አ. መገደላቸው ማንንም አላሳመነም፣ ከእምነቱም አላስካደም። የዛሬው ተጠራጣሪ የተሻለ መነሻ በአምቦ ምድር ሥር ያገኛል። የአምቦ ውኃ የሚፈላው ከእሳተ ገሞራ ምድር በሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያው ውኃ በጠርሙስ ታሽጎ በየሆቴሉ ይቀርባል። ይህ ማብራሪያ ውኃውን በሙሉ ያስረዳል፤ በውኃ ዳር ቆሞ የሚያመሰግነውን ሰው ግን አያስረዳም፤ ምስጋና ስለ ጋዝ የቀረበ መላ ምት አይደለምና። አማኙ «ውኃው ከደዌ ይፈውሳል» ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ተጠራጣሪው ማስረጃ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። በእንጦጦ ጠበል የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ሆኖ ነበር፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ ተናገሩ። ጠበሉን ማንም አልከለከለም፤ ክኒኑም በሐኪሙ ትእዛዝ ቀጠለ።