ከየኔታ እስከ አማካሪ መምህር፦ የሕክምና ተማሪን እጅ ይዞ የመምራት ታሪክ በኢትዮጵያ

«ያለ መካሪ ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ አበው። ንጉሥን ያህል ባለሥልጣን መካሪ ካስፈለገው፣ ከገጠር ትምህርት ቤት ወጥቶ ሐኪም ለመሆን የሚያልም ወጣት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም። በዘመኑ አነጋገር «ሜንቶርሺፕ» እየተባለ የሚጠራው፣ ተማሪን በትምህርቱና በሙያ ምርጫው የመምከርና የመደገፍ ሥራ፣ ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርገን እንመለከተዋለን። የሀገራችን የሕክምና ትምህርት ታሪክ ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ ለመዳሰስና ለዛሬው ሐኪም የሚያስተላልፈውን ቁም ነገር ለማመልከት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ አስቀድሞ ተማሪና መምህር በቅርብ የሚተዋወቁበት ሥርዓት ነበረን። የቆሎ ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሲሻገር፣ የኔታ የተማሪውን ችሎታና ጠባይ መዝነው «ከዚህ በኋላ ወደ እገሌ ሂድ» ብለው ያሰናብቱት ነበር። ተማሪው ለምኖ ቢያድርም፣ ቢራብና ቢታረዝም፣ የሚቀጥለውን መንገድ የሚያመለክተው ሰው ግን አላጣም። በዚህ ሥርዓት ማስተማርና መምራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም።

ዘመናዊ ሕክምናን በመማር ቀዳሚ የሆኑት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ደግሞ የአጋጣሚ ታሪክ ነው። በ1868 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ ወላጆቹን ያጣው ሕፃን በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገብቶ ወደ ሕንድ ተወሰደ። ኮሎኔል ቻምበርሌን አሳደጉት፤ እርሳቸው ሲሞቱ ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ሸፈኑ፤ «ቻርልስ ማርቲን» የሚለው ስሙም ከእነዚህ ሰዎች የመጣ ነው። በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ የተመረቁት ሐኪም ወርቅነህ ኋላም በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አስፋፍተዋል፤ በበርማም በሐኪምነት አገልግለዋል። በመጨረሻ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ከዘመዶቻቸው ጋር ለመገናኘት በቁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእርሳቸው ትጋት ከፍ ያለ ቦታ አለው፤ ይሁንና ሁለቱ መኮንኖች ባይኖሩ ኖሮ ትጋቱ የት ያደርሳቸው ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ይህን የተረዱ ይመስላል። በ1925 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊነቱን ተቀብለው፣ ለእርሳቸው በአጋጣሚ የደረሳቸው ዕድል ለሌሎች በሥርዓት እንዲደርስ ደክመዋል። በዚያው ዘመን ወደ ውጭ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ መላኩ በያን ነበሩ። በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ድጋፍ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄደው፣ በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክተርነት ተመረቁ። ከዚያም ለጦርነቱ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ዶክተር መላኩ በ1940 ገና በአርባ ዓመታቸው በስደት ላይ ሳሉ አረፉ። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ በእንግሊዝ አገር የተማሩት ዮሴፍና ቢንያም፣ በ1937 በፋሺስቶች ተገደሉ። ዛሬ ትልቁ የማስተማሪያ ሆስፒታላችን የሚጠራበት የጥቁር አንበሳ ድርጅት መሪም ከውጭ ተምረው የመጡ የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በዚያ ወረራ ያለቀው የተማረ ትውልድ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ትውልድ እጅ ይዞ ሊመራ የሚችለው ታላቅ ወንድምም አብሮ ጠፋ።

ከነፃነት በኋላ ድጋፉ ከግለሰቦች ቸርነት ወደ ተቋም ተሸጋገረ። በ1953 በደንቢያ ቆላድባ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ያደረሰው ዕልቂት፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ሆነ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የአሠለጣጠኑ ስልት ነው። የሦስቱ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ መምህራኑም እዚያው ድረስ ይከታተሏቸዋል። ተማሪው ነገ የሚሠራውን ሥራ ዛሬ በመምህሩ ዓይን ሥር ይሠራዋል። በ1958 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው የታመመበትና 150,000 ያህል እንደሞተ የሚገመትበት የወባ ወረርሽኝ ሲመጣ፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

በአዲስ አበባ ደግሞ በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። የሕክምና ፋኩልቲ እስከ ተቋቋመበት እስከ 1964 ድረስ ሐኪም ለመሆን የሚሹ ወጣቶች ወደ ቤይሩት፣ ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ ይላኩ ነበር። ፋኩልቲውን ካቋቋሙት መካከል ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙበታል። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተገደሉባቸው እኒህ ሰው የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ በኃላፊነት በመሩት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወደ እስክንድርያው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ወደ ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ። የአንዱ ሐኪም ልፋት ለሌላው ሐኪም መንገድ እንደጠረገ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። ይህ አገልግሎት የመምህራንን እጥረት ለማቃለል የታቀደ ቢሆንም፣ ሌላም ጥቅም ነበረው። ከቤተሰቡ ፊደል የቆጠረ ሰው የሌለው የገጠር ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል፣ ሐኪም ለመሆን የትኛውን ትምህርት ማጥበቅ እንደሚገባው፣ በዓይኑ ከሚያየውና ከእርሱ በጥቂት ዓመታት ከሚበልጥ ሰው ይሰማ ነበር።

ይህ ሰንሰለት በተደጋጋሚ ተበጥሷል። በ1974 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ወጣቶችን በላ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ ተሰደዱ። በ1993 ፕሮፌሰር አሥራትን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። አንድ ነባር መምህር ከዋርድ ሲለይ የሚጎድለው የማስተማሪያ ሰዓት ብቻ አይደለም። በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ተማሪውን በስሙ የሚጠራው፣ ድካሙን የሚያውቀውና «አንተ ለዚህ ሙያ ትሆናለህ» የሚለው ሰውም አብሮ ይለያል።

በሌላ በኩል መልካም ጅምሮችም ነበሩ። በ1978 የተከፈተው የጎንደር የሕክምና ኮሌጅና በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሥልጠናውን ከአዲስ አበባ ውጭ አስፋፉት፤ ጅማም በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርትን መለያው አድርጎ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ቀበሌዎች አወጣ። በ2012 አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት ሲጀመር የቅበላው ቁጥር በእጅጉ አደገ። ይህ ሐኪም ላጣ ሕዝብ በጎ ነገር መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በአሥሮች ይቆጠር የነበረው የክፍል ተማሪ በመቶዎች ሲቆጠር፣ መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ማወቅ ተሳነው። የሙያ ምርጫም በአመዛኙ በፈተና ውጤት የሚወሰን ሆነ፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ ሕክምናን የሚመርጠው ሙያውን ዐውቆት ሳይሆን «ውጤቱ እንዳይባክን» ተብሎ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተመርቀው ሥራ የሚጠባበቁ ወጣት ሐኪሞች መታየታቸው፣ ምክር የሚያስፈልገው ከመግባት በፊት ብቻ ሳይሆን ከመመረቅ በኋላም መሆኑን አሳይቶናል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ ድጋፍ በግለሰብ ቸርነት ላይ ብቻ ሲመሠረት የሚደርሰው ለጥቂት ዕድለኞች መሆኑ ነው፤ በመቅደላ ወላጆቹን ያጣው እያንዳንዱ ሕፃን ኮሎኔል ማርቲን አልነበረውም። ሁለተኛው፣ ውጤታማው ምክር በስብከት ሳይሆን በሥራ ላይ አብሮ በመሆን የሚሰጥ መሆኑን ጎንደር ያስተምረናል። ሦስተኛው፣ ለተማሪ የሚቀርበው መካሪ የግድ ታላቅ ፕሮፌሰር አለመሆኑ ነው፤ ጥቂት ዓመታት የቀደመው ሬዚደንት፣ ኢንተርን ወይም የጤና መኮንን ይበቃል።

እንግዲህ የሕክምና ማኅበራችን አባላት የሆንን ሁሉ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። የእያንዳንዳችን ታሪክ ቢጻፍ አንድ የኔታ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወይም አንድ የዋርድ ሐኪም በውስጡ መገኘቱ አይቀርም። ያ ሰው የሰጠን ብድር ለራሱ ተመልሶ የሚከፈል አይደለም፤ ለሚቀጥለው ተማሪ የሚከፈል ነው። በዓመት አንድ ቀን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት ተመልሶ ስለ ሙያችን ምሬቱንም ጣዕሙንም ሳይደብቁ መናገር፣ በየሥራ ቦታችን የሁለትና የሦስት ተማሪዎችን ስም ዐውቆ እስኪመረቁ መከታተል፣ በጀትም መመሪያም የማይጠይቅ ሥራ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ከሚገቡት ልጆች መካከል የነገው ሐኪም ማን እንደሚሆን አላወቁም ነበር፤ በሩን ግን ከፍተው ጠበቁ። እኛስ?